«ኦፕሽን የለውም» ሲባል አማራጭ ያጣው ማን ነው?

የማርች ወር ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ሠላሳዎቹ የሜጀር ሊግ ቤዝቦል ክለቦች በፍሎሪዳና በአሪዞና የከፈቱትን የልምምድ ካምፕ እየዘጉ ለውድድሩ መክፈቻ የመረጧቸውን ተጫዋቾች ስም ያሳውቃሉ። በዚያ ሰሞን ደጋፊን ግራ የሚያጋባ ዜና አይጠፋም። በልምምድ ጨዋታዎች ድንቅ ሆኖ የከረመ ወጣት ወርዋሪ፣ ማለትም ኳሱን ለተቃራኒ መቺ የሚወረውር ተጫዋች፣ ወደ ታችኛው ሊግ ሲላክ፣ ከእርሱ ያነሰ ውጤት ያሳየው ባልደረባው ከዋናው ቡድን ጋር ይቀራል። ምክንያቱ ሲጠየቅ የሚሰጠው ማብራሪያ ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓረፍተ ነገር አያልፍም፤ የቀረው ተጫዋች «ኦፕሽን የለውም» ይባላል።

ቃሉን እንዳለ ወደ አማርኛ የመለሰ አንባቢ «አማራጭ የለውም» ብሎ ይረዳውና አማራጭ ያጣው ተጫዋቹ ይመስለዋል። አማራጭ ያጣው ግን ክለቡ ነው። ኦፕሽን አንድ ክለብ ተጫዋቹን የሌላ ክለብ ንብረት እንዳይሆን ሳይሰጋ ወደ ታችኛው ሊግ ለመላክና መልሶ ለመጥራት ያለው ፈቃድ ሲሆን፣ ፈቃዱ በዓመታት ቁጥር የተገደበ በመሆኑ ጊዜው ሲደርስ ያልቃል። ፈቃዱ ያለቀበትን ተጫዋች ወደ ታች ለመላክ መሞከር ለሌሎቹ ሃያ ዘጠኝ ክለቦች «የሚፈልገው ካለ ይውሰደው» ብሎ ከማቅረብ አይለይም። ስለዚህ ኦፕሽን ያለውን ልኮ የሌለውን ያስቀረ ክለብ ሁለቱንም በእጁ ያቆያል፤ ተቃራኒውን ያደረገ ግን አንዱን ሊያጣ ይችላል።

ውዥንብሩን የሚያባብሱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ቃሉ ሌላም ትርጉም ያለው መሆኑ ነው። ከውድድር ዘመኑ መጨረሻ በኋላ «ክለቡ የተጫዋቹን ኦፕሽን ተጠቀመበት» የሚል ዜና ሲነበብ፣ የሚወራው በኮንትራቱ ላይ አስቀድሞ ስለተጻፈ የማራዘሚያ ዓመት እንጂ ስለ ታችኛው ሊግ አይደለም። ሁለተኛው ነገሩን በእግር ኳስ ከምናውቀው ውሰት ጋር የማመሳሰል ልማድ ነው። በውሰት የሄደ ተጫዋች ለሌላ ክለብ ይሰለፋል፣ የሌላ አሰልጣኝ ዕቅድ ውስጥ ይገባል፤ በኦፕሽን የተላከው ግን ዋናው ክለብ በሚመራው የታችኛው ሊግ ቡድን ውስጥ ሆኖ ዋናው ክለብ ባወጣለት ፕሮግራም ይሠራል፣ ስልክ ሲደወልለትም ሻንጣውን ይዞ ይመለሳል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱ ዝርዝሮች

እያንዳንዱ ክለብ ሁለት የተጫዋቾች ዝርዝር ይይዛል። ጠባቡ ለዕለቱ ጨዋታ የሚሰለፉትን 26 ሰዎች የያዘ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ ወርዋሪዎቹ ከ13 ሊበልጡ አይችሉም። ሰፊው 40 ሰዎችን ይይዛል፤ 26ቱም በውስጡ ናቸው። ከሁለቱም ዝርዝሮች ውጭ በታችኛው ሊግ አራት ደረጃዎች የሚጫወቱ እጅግ ብዙ ወጣቶች አሉ፤ ከአራቱ ደረጃዎች ከፍተኛው ትሪፕል ኤ ይባላል።

ኦፕሽን የሚሠራው በእነዚህ በሁለቱ ዝርዝሮች መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው። በ40ው ውስጥ ሆኖ ከ26ቱ ያልተካተተ ጤነኛ ተጫዋች በኦፕሽን ወደ ታች የተላከ ነው፤ ክለቡ በወሩ ውስጥ ለሚገጥመው ጉዳት፣ ድካምና የአቋም መውረድ መጠባበቂያ የሚሆኑትም እነዚህ አሥራ አራት ገደማ ሰዎች ናቸው። ኦፕሽን ያለቀበት ተጫዋች ግን በተለመደው ሁኔታ ያለው ቦታ አንድም ከ26ቱ ጋር ነው፣ አንድም በጉዳተኞች ዝርዝር ላይ ነው፤ ሦስተኛ ማረፊያ የለውም። በመሆኑም ኦፕሽን የሌላቸው ሰዎች በበዙ ቁጥር 26ቱ እየደነደነ ይሄዳል፣ ተጠባባቂው ክፍልም ይሳሳል። ሁለት ክለቦች በችሎታ እኩል የሆኑ 40 ተጫዋቾች ይዘው ውድድሩን ሊጀምሩ፣ በሐምሌ ወር ግን አንደኛው ከሌላው በእጅጉ የተሻለ መተንፈሻ ሊኖረው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ቆጠራው

አንድ ተጫዋች በ40ው ዝርዝር ላይ ከሰፈረ በኋላ ክለቡ በእርሱ ላይ ሦስት የኦፕሽን ዓመታት ይኖሩታል። የሚቆጠረው ዓመት እንጂ ጉዞ አይደለም፤ ተጫዋቹ በአንድ የውድድር ዘመን አንዴም ይላክ አራቴ፣ የሚቃጠለው አንድ ኦፕሽን ብቻ ነው። ኦፕሽኑ እንደተቃጠለ የሚቆጠረውም በዚያ ዘመን በታች ያሳለፋቸው ቀናት ተደምረው 20 ሲሞሉ ነው። ድምሩ ከ20 በታች ከሆነ ዓመቱ አይቆጠርበትም፤ በታች ያሳለፋቸው ቀናትም በዋናው ሊግ እንዳገለገለ ሆነው ይያዙለታል። ስለዚህ በ19ኛውና በ20ኛው ቀን መካከል ያለችው ልዩነት በሜዳ ላይ ምንም ሳትሆን በመዝገቡ ላይ የአንድ ሙሉ ዓመት ዋጋ አላት።

ተጫዋቹ ከተላከ በኋላም ክለቡ በማግስቱ ሊጠራው አይችልም። ወርዋሪ ቢያንስ 15 ቀን፣ ሌላ ተጫዋች ቢያንስ 10 ቀን በታች መቆየት አለበት። ከዚህ ነፃ የሚያደርገው ዋናው ምክንያት ከ26ቱ መካከል የተጎዳን ሰው ለመተካት መጠራቱ ነው። በተጨማሪም በአንድ የውድድር ዘመን አንድን ተጫዋች ከአምስት ጊዜ በላይ በኦፕሽን መላክ አይቻልም፤ ወደዚህ ገደብ ኋላ ላይ እንመለሳለን።

ሦስቱን ኦፕሽኖች የጨረሰ፣ ነገር ግን በሙያው ገና አምስት ሙሉ የውድድር ዘመን ያልሞላው ወጣት አራተኛ ኦፕሽን ሊጨመርበት ይችላል። በሌላው ጫፍ፣ በዋናው ሊግ አምስት ዓመት ያገለገለ ተጫዋች ኦፕሽን ቢቀረው እንኳ ካልፈቀደ አይላክም። ይህን የፈቃድ መብት በኮንትራቱ ውስጥ አስቀድሞ የሚያስጽፍም አለ። ከደቡብ ኮሪያ ሊግ በ2016 ወደ ባልቲሞር ኦሪዮልስ የመጣው ኪም ህዩን ሱ በልምምድ ጨዋታዎች ደካማ ሆኖ ስለታየ ክለቡ ወደ ታችኛው ሊግ እንዲሄድ ቢጠይቀውም፣ በኮንትራቱ የተሰጠውን መብት ተጠቅሞ እምቢ አለ። በመክፈቻው ዕለት የገዛ ደጋፊዎቹ ጮኹበት፤ የውድድር ዘመኑን ግን ጥሩ በሚባል 0.302 የመምታት አማካይ ጨረሰ። ጉዳዩ በኦፕሽን ላይ የሚሰጥ ውሳኔ በጥቂት ሳምንታት የልምምድ ጨዋታ ላይ ሲመሠረት ምን ያህል ሊስት እንደሚችል ያሳያል።

ከረጅም ጨዋታ ማግስት

የኦፕሽን ክብደት ጎልቶ የሚታየው በተተኪ ወርዋሪዎች ላይ ነው። ክለቦች ከ13ቱ ወርዋሪዎች አምስቱን ጨዋታ እንዲከፍቱ፣ ስምንቱን ከመካከል ገብተው እንዲጨርሱ መመደብ ይቀናቸዋል። ውድድሩ በስድስት ወር ገደማ ውስጥ 162 ጨዋታ ያለው፣ የዕረፍት ቀኑም ጥቂት ነው። የሰው ክንድ ደግሞ በየቀኑ አይታዘዝም፤ ትናንት ማታ 45 ኳስ የወረወረ ተተኪ ዛሬ አይገኝም፣ ነገም ላይገኝ ይችላል።

ለአብነት ያህል በማክሰኞ ምሽት 13 ኢኒንግ፣ ማለትም ከመደበኛው ዘጠኝ ዙር በላይ አራት ዙር የፈጀ ጨዋታ ያደረጉ ሁለት ክለቦችን እናስብ። ጨዋታ ከፋቹ ኳሱ በተደጋጋሚ ስለተመታበት በሦስተኛው ኢኒንግ ወጥቷል፤ ከስምንቱ ተተኪዎች ስድስቱ ወርውረዋል፤ ረቡዕ ቀትር ላይ ደግሞ ሌላ ጨዋታ አለ። የመጀመሪያው ክለብ ስምንቱም ተተኪዎቹ ኦፕሽን የሌላቸው ናቸው። ረቡዕ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ፊት የሚደቀኑት ምርጫዎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ በደከሙ ሰዎች መጫወት፣ ጨዋታው ከተበላሸ ወርዋሪ ያልሆነ የሜዳ ተጫዋች እንዲወረውር ማድረግ፣ ወይም ከስምንቱ አንዱን ለሌሎች ክለቦች አሳልፎ የመስጠትን ዕድል መቀበል ነው። ሁለተኛው ክለብ ከስምንቱ ሦስቱ ኦፕሽን አላቸው። አንደኛውን ወደ ትሪፕል ኤ ይልክና ለቀናት ያረፈ ሌላ ወርዋሪ ያስመጣል፤ ሌላ ውሳኔ አያስፈልገውም።

የሚላከው ማን እንደሆነ ማስተዋል ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ማክሰኞ ማታ በክፉ የወረወረው ሳይሆን ብዙ የወረወረው ነው፤ አራት ኢኒንግ ተሸክሞ ጨዋታውን ያተረፈው ወጣት ለቀጣዮቹ ቀናት ክንዱ ስለማያገለግል፣ ኦፕሽንም ስላለው፣ ከድሉ በኋላ ሻንጣውን ይሸክፋል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ውለታ ቢስነት ይመስላል። በክለቡ ሒሳብ ግን ያ ወንበር ለአንድ ሰው ሳይሆን ለሦስትና ለአራት ሰው የተመደበ ነው፤ ከእነርሱ መካከል በየሳምንቱ ያረፈው ይቀመጥበታል። የ15 ቀኑ ግዴታ በመኖሩም ክለቡ ሁለት ሰው ብቻ እያፈራረቀ ሊኖር አይችልም፤ የሚዞረው ቡድን መስፋት አለበት። በውድድሩ መክፈቻ ዕለት 13 የነበሩት ወርዋሪዎች በመጨረሻው ወር ሲቆጠሩ ሠላሳና ከዚያ በላይ ሆነው የሚገኙት ከጉዳት ቀጥሎ በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህ አሠራር የትሪፕል ኤ ቡድኑ የሚገኝበት ቦታም ትርጉም አለው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው መንትያ ከተሞች የሚኒሶታ ትዊንስ ስታዲየም ሚኒያፖሊስ ውስጥ፣ የትሪፕል ኤ ቡድኑ ሴይንትስ ደግሞ ሴንት ፖል ውስጥ ነው፤ ጠዋት የተጠራ ወርዋሪ በመኪና መጥቶ ለቀትሩ ጨዋታ ይደርሳል። የሲያትል ማሪነርስ ከታኮማ፣ የአትላንታ ብሬቭስ ከግዊኔት፣ የሂዩስተን አስትሮስ ከሹገር ላንድ ያላቸው ርቀትም አጭር ነው። የዋሽንግተን ናሽናልስ የትሪፕል ኤ ቡድን ግን በኒው ዮርክ ግዛት ሰሜናዊ ክፍል፣ በሮቸስተር ከተማ ይገኛል፤ ስለዚህ ተጠሪው የአውሮፕላን ቲኬት መያዝ አለበት። ልዩነቱ ጥቃቅን ይመስላል፤ ነገር ግን በዓመት ብዙ ጊዜ የሚደጋገም ጥቃቅን ነገር ነው።

ፈቃዱ ሲያልቅ

ኦፕሽን የሌለውን ተጫዋች ከ26ቱ ማውጣት የፈለገ ክለብ ከ40ውም ማውጣት አለበት። አሠራሩ የሚጀምረው ተጫዋቹን ከዝርዝሩ አውጥቶ ዕጣው እስኪወሰን በማቆየት ሲሆን፣ ክለቡ በሰባት ቀን ውስጥ ወይ ለሌላ ክለብ ይለውጠዋል፣ ወይ ያሰናብተዋል፣ ወይም ዌቨር ላይ ያወጣዋል። ዌቨር ማለት ተጫዋቹን ለሌሎቹ ክለቦች በተራ የማቅረብ ሥርዓት ነው። ቅድሚያው በውጤት ዝቅ ላሉት የሚሰጥ በመሆኑ፣ አንድ ጠንካራ ክለብ ቦታ አጥቶለት የሚያወጣውን ሰው ደካማው ክለብ ያለ ልዋጭ ሊወስደው ይችላል። ማንም ካልወሰደው በክለቡ ሥር በታችኛው ሊግ ይቀጥላል፤ ሆኖም ከዚህ በፊት በዚህ መንገድ ያለፈ ወይም ሦስት ዓመት ያገለገለ ተጫዋች ምደባውን እምቢ ብሎ ነፃ መውጣት ይችላል።

ሥርዓቱ ዕድል ሲከፍት ከሚያሳዩት ምሳሌዎች የቬኔዙዌላዊው ሄሱስ አጊላር ታሪክ ግልጹ ነው። አጊላር በክሊቭላንድ ክለብ ሥር ሆኖ በ2016 በትሪፕል ኤ 30 ሆም ረን (በቀጥታ ነጥብ የሚያስገኝ ረጅም ምት) መታ፤ በዋናው ቡድን ግን ከ2014 እስከ 2016 የተሰጠው ጥቂት ጨዋታ ብቻ ነበር። በእርሱ ቦታ የሚጫወቱ ሌሎች ስለነበሩ፣ እርሱም ኦፕሽን ስለነበረው፣ ክለቡ በታች ቢያቆየው ምንም አያጣም ነበር። በ2017 መጀመሪያ ኦፕሽኑ ሲያልቅ ግን ክሊቭላንድ ሊያቆየው አልቻለም፤ ሚልዋኪ ብሩወርስ በዌቨር ወሰዱት። ሚልዋኪም ወደ ታች ሊልከው ስለማይችል ከዋናው ቡድን ጋር አቆየው፤ በ2018 አጊላር 35 ሆም ረን መትቶ የሊጉ ምርጦች ለሚገናኙበት የኦል ስታር ጨዋታ ተመረጠ። ከሁለት ዓመት በፊት ከነበረው አጊላር ጋር ሲነጻጸር ችሎታው በአንድ ሌሊት አልተለወጠም፤ የተለወጠው እርሱን በታች የማቆየት ዋጋ ነው።

ዌቨር ሁልጊዜ ተሰጥኦን ያገኛል ማለት ግን አይደለም። የኦክላንድ አትሌቲክስ አውስትራሊያዊውን ወርዋሪ ሊያም ሄንድሪክስን በጁን 2018 ከዝርዝራቸው ሲያወጡት ሃያ ዘጠኙም ክለቦች አለፉት፤ ወደ ናሽቪል፣ ወደ ትሪፕል ኤ ወረደ። በሴፕቴምበር ተመልሶ በዚያው ዓመት ከያንኪስ ጋር የተደረገውን የማጣሪያ ጨዋታ የከፈተው እርሱ ነበር፤ በ2019 ለኦል ስታር ተመረጠ፣ በ2021 መጀመሪያም ከቺካጎ ኋይት ሶክስ ጋር የ54 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ማንም ያልወሰደው ሁሉም ንቀውት ብቻ አይመስለኝም። ኦፕሽን የሌለው ተጫዋች የሚወስደው ክለብ ወዲያውኑ ከ26ቱ አንዱን ቦታ እንዲለቅለት ያስገድዳል፤ በዓመቱ አጋማሽ ያን ቦታ ለመክፈል ፈቃደኛ የሚሆን ጥቂት ነው። ኦፕሽን ቢኖረው ኖሮ «እንያዘውና ታች እናቆየው» የሚል ክለብ ሳይገኝ አይቀርም ነበር። በሌላ አነጋገር የኦፕሽን ማለቅ ተጫዋቹን በአንድ በኩል ነፃ ሲያወጣው በሌላ በኩል ለፈላጊው ክለብ ያስወድደዋል።

ክለቦች ልዋጭ ሲደራደሩ የኦፕሽን ቁጥርን እንደ ዕድሜና እንደ ደመወዝ አብረው የሚመዝኑት ለዚህ ነው። ሁለት ኦፕሽን የቀረው መካከለኛ ተተኪ ወርዋሪ፣ ምንም ከሌለው ትንሽ የተሻለ ወርዋሪ ይልቅ ሊፈለግ ይችላል። የማርች መጨረሻ ደግሞ የተለየ ገበያ ነው፤ ሁሉም ክለቦች በአንድ ሳምንት ውስጥ ኦፕሽን የሌላቸውን ስለሚያወጡ አቅርቦቱ ከፍላጎቱ ይበልጣል፣ በሌላ ወር ቢሆን በዌቨር የሚወሰድ ሰውም በዚያ ሳምንት ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል። ልምድ ያላቸው ሥራ አስኪያጆች ይህን ጊዜ ይጠብቃሉ።

ሰዓቱን ማን አስጀመረው?

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር፣ የኦፕሽን ቆጠራ የሚጀምረው ተጫዋቹ ለዋናው ሊግ ሲደርስ ሳይሆን ስሙ በ40ው ላይ ሲሰፍር መሆኑ ነው። ስሙ የሚሰፍርበትን ጊዜ ደግሞ በአብዛኛው የሚወስነው ሩል ፋይቭ የሚባለው ዓመታዊ የተጫዋቾች መረጣ ነው። ክለቦች ወጣቶችን በታችኛው ሊግ አከማችተው እንዳያስቀሩ በወጣው በዚህ ደንብ መሠረት፣ በ18 ዓመቱ ወይም ከዚያ በፊት የፈረመ ተጫዋች ከአምስት የውድድር ዘመን በኋላ፣ በ19 ዓመቱ ወይም ከዚያ በላይ የፈረመ ደግሞ ከአራት በኋላ በ40ው ላይ ካልሰፈረ ሌላ ክለብ በ100 ሺህ ዶላር ሊወስደው ይችላል። የወሰደው ክለብ በበኩሉ ዓመቱን ሙሉ ከዋናው ቡድን ጋር ማቆየት ይኖርበታል፤ በኦፕሽን ሊልከው አይችልም።

ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ወይም ከቬኔዙዌላ በ16 ዓመቱ የሚፈርም ወጣት ላይ ይህ ምን እንደሚያስከትል እንመልከት። በ21 ዓመቱ ገደማ፣ ምናልባት ገና በታችኛው ሊግ መካከለኛ ደረጃ ላይ ሳለ፣ ክለቡ እንዳይወሰድበት ሲል በ40ው ላይ ያሰፍረዋል። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ በታች ሲማር በየዓመቱ አንድ ኦፕሽን ይቃጠላል፤ በ24 ዓመቱ፣ ለዋናው ሊግ በሚደርስበት ሰዓት፣ ፈቃዱ አልቋል። በተለይ ወርዋሪ ከሆነና ከእነዚያ ዓመታት በአንዱ ክንዱን ታሞ ከቆየ፣ ሳይበስል ጊዜው ያልፋል። ወጣቱን ቀድሞ ማሰፈር ኦፕሽኖቹን ያቃጥላል፤ ማዘግየት ደግሞ ልጁን ሊያስነጥቅ ይችላል። ክለቦች በየኖቬምበሩ የሚወስኑት ይህን ነው፤ ውሳኔው በጋዜጦች ዘንድ ብዙ ቦታ ባይሰጠውም ከሦስት ዓመት በኋላ በማርች ወር የሚያስደንቀን የስም ዝርዝር ሥሩ እዚያ ነው።

ቀንና ዶላር

ኦፕሽን የሜዳ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ክርክሩ ይህን ያህል ባልጠነከረ ነበር። በዋናው ሊግ 172 ቀን እንደ አንድ ሙሉ የአገልግሎት ዓመት ይቆጠራል። ተጫዋቹ ሦስት ዓመት ሲሞላው፣ አንዳንዱም ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ደመወዙ በግልግል ዳኝነት እንዲወሰን የመጠየቅ መብት ያገኛል፤ ስድስት ዓመት ሲሞላው ነፃ ሆኖ ከፈለገው ክለብ ጋር ይደራደራል። በኦፕሽን በታች የሚያልፉት ቀናት፣ በድምር 20 ከሞሉ፣ ወደዚህ ቆጠራ አይገቡም። ስለዚህ ወርዋሪ ለማሳረፍ ተብሎ የሚደረግ ምልልስ በጊዜ ብዛት የአንድ ሰው የግልግል መብት አንድ ዓመት እንዲዘገይ ሊያደርግ ይችላል።

በዕለት ገቢም ልዩነቱ ሰፊ ነው። የዋናው ሊግ ዝቅተኛ ደመወዝ በ2022 ከነበረበት 700 ሺህ ዶላር ተነሥቶ በ2026 780 ሺህ እንዲሆን ክለቦቹና የተጫዋቾች ማኅበር በተፈራረሙት የኅብረት ስምምነት ተወስኗል፤ ይህ በቀን ሲታሰብ ከ4 ሺህ 100 ዶላር ይበልጣል። በ40ው ላይ ሆኖ በታች ላለ፣ ሁለተኛና ከዚያ በላይ የሜጀር ሊግ ኮንትራት ለፈረመ ተጫዋች የተወሰነው ዝቅተኛ ክፍያ ግን የዚህ አንድ ስድስተኛ ገደማ ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የክሪስ ብራያንት ጉዳይ ብዙ ጊዜ ይነሣል። ቺካጎ ካብስ በ2015 በልምምድ ጨዋታዎች ዘጠኝ ሆም ረን የመታውን ይህን ወጣት በታች አስቀርተው ኤፕሪል 17 ስለጠሩት፣ ዓመቱን በ171 ቀን ጨረሰ፤ አንዲት ቀን ጎደለችው፣ ነፃ የሚወጣበት ጊዜም በአንድ ዓመት ተራዘመ። ያቀረበው አቤቱታም በ2020 መጀመሪያ ውድቅ ሆነ። ሆኖም ጉዳዩ በጥብቅ ሲታይ የኦፕሽን አይደለም፤ ብራያንት በዚያን ጊዜ በ40ው ላይ ስላልነበረ ክለቡ ኦፕሽን መጠቀም አላስፈለገውም። ሁለቱ ጉዳዮች የሚገናኙት ክለቡ የመጥሪያውን ቀን የመምረጥ ሥልጣን ስላለው ነው። የ2022ቱ ስምምነት ለብራያንት ዓይነት ተጫዋቾች ከፊል መፍትሔ አበጅቷል፤ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ በሚመረጥበት ድምፅ ከሁለቱ የመጀመሪያ ደረጃዎች በአንዱ የተቀመጠ ወጣት ሙሉ ዓመት ይያዝለታል። በሜይ 2024 የተጠራው የፒትስበርግ ፓይሬትስ ወርዋሪ ፖል ስኪንስ ሙሉ ዓመት ያገኘው በዚህ ነው። በኦፕሽን ሲመላለስ የሚኖረው ስም የለሽ ተተኪ ወርዋሪ ግን ለሽልማት ስለማይታጭ ከዚህ ድንጋጌ የሚያገኘው ጥቅም የለም።

የአምስት ጊዜ ገደቡና ክርክሩ

እስከ 2021 ድረስ አንድ ተጫዋች በአንድ ዓመት ስንት ጊዜ ሊላክ እንደሚችል የሚወስን ገደብ አልነበረም። በዚያ ዓመት ታምፓ ቤይ ሬይስ ሉዊ ሄድ የተባለውን ተተኪ ወርዋሪ በፍሎሪዳና በሰሜን ካሮላይናዋ ዴርሃም መካከል ከአሥር ጊዜ በላይ አመላለሱት። ሄድ ወደ ዋናው ሊግ የደረሰው በ31 ዓመቱ ሲሆን፣ ሲጠራ ጥሩ ይወረውር ነበር፤ የሚላከው በውጤቱ ሳይሆን በሚመችነቱ ነበር። ክለቦቹ ተጫዋቾቹን ከሥራ ካገዱባቸው 99 ቀናት በኋላ በማርች 2022 የተደረሰበት የኅብረት ስምምነት በዓመት ከአምስት ጊዜ በላይ በኦፕሽን መላክን ሲከለክል፣ የእርሱ ሁኔታ እንደ ዋና ማሳያ ይጠቀስ ነበር።

ክለቦች ኦፕሽንን የሚከላከሉበት ሐሳብ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ወጣትን ያለ ኦፕሽን መጥራት አደገኛ ነው፤ ቢሰናከል መልሶ ማረም አይቻልምና። መመለሻ መንገድ ስላለ ነው ብዙ ወጣቶች ሳይበስሉ የመጀመሪያ ዕድላቸውን የሚያገኙት። ደመወዝ በብዛት መክፈል የማይችሉ ክለቦችም ውድ ተተኪ ወርዋሪ ከመግዛት ይልቅ ርካሽ ክንዶችን በማፈራረቅ ከሀብታሞቹ ጋር መወዳደር ችለዋል፤ ታምፓ ቤይ ለዚህ ሁነኛ ማሳያ ነው። የተጫዋቾች ማኅበር ወገን በበኩሉ የሚለው፣ የዝርዝሩ ተለዋዋጭነት ዋጋ የሚከፈለው በአንድ ወገን ብቻ መሆኑን ነው። ቤት ተከራይቶ የማይቀመጥ፣ ገቢው በየሁለት ሳምንቱ በስድስት እጅ የሚወጣና የሚወርድ፣ የአገልግሎት ቀኑ የሚሸራረፍ ሰው አለ፤ ክለቡ ደግሞ ለዚህ የሚከፍለው ማካካሻ የለም።

በእኔ ግምገማ የአምስት ጊዜው ገደብ እጅግ የከፋውን አስቀርቷል እንጂ አሠራሩን አልለወጠውም። የ15 ቀኑ ግዴታ ብቻውን ምልልሱን ስለሚያዘገየው፣ አምስት ጊዜ የሚደርስ ሰው ራሱ ብዙ አይደለም። ክለቦች የሰጡት ምላሽም አንድን ሰው ብዙ ጊዜ ከማመላለስ ብዙ ሰዎችን ጥቂት ጊዜ ማመላለስ ነው፤ ሸክሙ ተከፋፈለ እንጂ አልቀነሰም። ከዚህ ይልቅ ውጤት ያለው ለውጥ የመጣው ሳይታሰብበት ይመስለኛል። ከዘጠኝ ኢኒንግ በኋላ እያንዳንዱ ዙር ሁለተኛው ቤዝ ላይ፣ ማለትም ለነጥብ በተቃረበ ቦታ፣ ሯጭ ቆሞ መጀመሩ ረጃጅም ጨዋታዎችን ስላሳጠረ፣ ከላይ የተገለጸው ዓይነት የረቡዕ ጠዋት ችግር ከቀድሞው ይልቅ ብርቅ ሆኗል። በሴፕቴምበር 40 ሰው ድረስ ማሰለፍ ይቻል የነበረበት ልማድ ቀርቶ 28 ብቻ መሆኑ ግን ተቃራኒውን አድርጓል፤ ቀድሞ በዓመቱ መጨረሻ ወር ትርጉም ያጣ የነበረው ኦፕሽን አሁን እስከ መጨረሻዋ ዕለት ይመነዘራል።

ቀጣዩ ድርድር

አሁን ያለው የኅብረት ስምምነት የሚያበቃው በዲሴምበር 1 ቀን 2026 ነው። ዋናው ሙግት በደመወዝ ጣሪያና በገቢ ክፍፍል ላይ እንደሚሆን መገመት ቢቻልም፣ የኦፕሽን ደንቦችም በዚያው ሰነድ ላይ ያረፉ በመሆናቸው አብረው ሊነሡ ይችላሉ። ተጫዋቾቹ ለማሻሻል የሚሞክሩባቸው ቦታዎች ከወዲሁ ይታያሉ፤ የአምስት ጊዜውን ገደብ ዝቅ ማድረግ፣ ከሦስቱ ዓመታት አንዱን መቀነስ፣ ወይም በኦፕሽን የተላከ ሰው በታች ሳለ የሚከፈለውን ማሳደግ።

ሦስቱ እኩል ውጤት አይኖራቸውም። ገደቡን ከአምስት ወደ ሦስት ማውረድ የሚዞሩትን ወርዋሪዎች ቁጥር ይጨምራል፤ ያንን ቁጥር ለመያዝ ደግሞ 40ው ስለማይበቃ በዌቨር የሚወጡና የሚገቡ ይበዛሉ። የኦፕሽን ዓመታትን ከሦስት ወደ ሁለት መቀነስ እንደ አጊላር ያሉትን አንድ ዓመት ቀድሞ ነፃ ያወጣል፤ በ16 ዓመታቸው የፈረሙትን ግን ሳይበስሉ በዌቨር እንዲንገላቱ ሊያደርግ ስለሚችል፣ የሩል ፋይቭ ጊዜ አብሮ ካልተራዘመ ጉዳቱ በላቲን አሜሪካ ወጣቶች ላይ ይበረታል። በታች ሳሉ የሚከፈለውን ማሳደግ ምልልሱን አያስቀረውም፤ ነገር ግን ክለቡ ማክሰኞ ማታ 45 ኳስ የወረወረውን ልጅ ረቡዕ ጠዋት ሲልከው የሚቆጥበውን ገንዘብ ይቀንስበታል፤ ያኔ የሚላከው በእርግጥ ያረፈ ክንድ ስለሚያስፈልግ ይሁን ስለሚረክስ ለመለየት ይቀላል።